ስለሚቃጠለው ጉድጓድና ስለ ልጄ ስለ ገላው ሸሚዝ

ለተከበሩ ጓድ ፋንታ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበርና የጽዳት ዘመቻ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቢቸና

ግልባጭ፦ ከቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤ ማንበብ ለማይችለውም አጠገቡ የቆመው ያንብብለት

ኅዳር 8 ቀን 1981 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤

አስቀድሜ፣ እንደ ምን ሰንብተዋል? እርስዎ ደኅና ነዎት? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎስ ደኅና ናቸው? እኔ የመሪጌታ አካለ ወልድ ልጅ ባንቺዓለም፣ ከወገቤና ከዓይኔ በቀር፣ ከልቤም በቀር፣ ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለጤናዎ ከልብ እንደማስብ ይወቁልኝ፤ በተለይ ከጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ የተቆፈረው ጉድጓድ ከመስኮትዎ ሥር ስለሆነ ሽታው ለሥራ እንዳያስቸግርዎ እሰጋለሁ።

«እርስዎ» ማለቴን እንደ ቅያሜ እንዳይቆጥሩብኝ። በተወለዱበት ዕለት እትብትዎን የቆረጥሁት እኔ ነኝና እስካለፈው ሰሞን ድረስ «አንተ ፋንታ፣ ና እስኪ» እያልሁ ስጠራዎ ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ባለቤቱ በሌለበት የሰው ሳጥን የሚያስከፍት ባለሥልጣን «አንተ» ተብሎ ሊጠራ እንደማይገባ ዘግይቶም ቢሆን ስለገባኝ አነጋገሬን አርሜአለሁ።

ጉዳዬ አንድ ነው፤ እንዳይሰለቹ አስቀድሜ ልናገረው። ባለፈው ሳምንት ኮሚቴዎ ለጽዳት ቤት ለቤት ሲዞር ከቤቴ አንድ ሸሚዝ ወስዶ «የሚቃጠል» ከተባለው ጉድጓድ ጥሎታል። ሸሚዙ የልጄ የገላው ነው። ጉድጓዱ ደግሞ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ እሳት ይለቀቅበታል ተብሏል። ከዚያ በፊት ገብቼ ልፈልገው እንዲፈቀድልኝ ደጅ ብጠና ዘበኛው «ጓድ ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለ መለሰኝ፤ ስለዚህ በእግሬ መግባት ስላልቻልሁ በጽሑፍ መጥቻለሁ።

ለጽሑፉም ምስጋናው የእርስዎ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ስለነበሩ በልጅነቴ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ሆኖም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ሀ ሁ እንደ አዲስ ስላስቆጠሩኝ፣ ማንበብ መቻሌንም በምስክር ወረቀት ስላረጋገጡልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ሥጋት እጽፋለሁ። አሁን አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ኅዳር። ያ የኅዳር በሽታ ሰዉን ከፈጀ ወዲህ በሚካኤል ዕለት የቤትን ጥራጊ ሰብስቦ ማቃጠል እናቶቻችን ያቆዩልን ወግ ነው። ማንም አዛዥ አልነበረበትም፤ ሁሉም የየደጁን ጥራጊ በየደጁ ያጨሰዋል፤ ምኑ እንደሚጣልና ምኑ እንደሚቀመጥም የሚያውቀው የቤቱ ባለቤት ነበር። ዘንድሮ ግን ቀበሌው ይህን ከባድ ሐሳብ ከትከሻችን አውርዶ ራሱ ተሸክሞልናል። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበችልን ጤና ረዳት አምሳለች በስብሰባው ላይ ጥሩ አድርጋ አስተምራን ነበር፤ እግዜር ይስጣት። መጀመሪያ ከቤታችሁ የማይጠቅመውን ለዩ፤ ከዚያ ከማይጠቅመው ውስጥ የሚቃጠለውን ለብቻ፣ የማይቃጠለውን ለብቻ አድርጉ ነበር ያለችው። ኮሚቴዎ ጊዜ ስላጠረው የመጀመሪያውን ትቶ ከሁለተኛው ጀመረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እናንተ ግን አፍሳችሁ ለቃሚዎቹ እኛ ሆንን።

ሁለተኛ፤ ስለ ኩበት። ጎረቤቴ ወይዘሮ ይርጋነሽ ክረምቱ ካበቃ ጀምራ የጠፈጠፈችውን ኩበት አድርቃ ከጓሮዋ ከምራው ነበር። ኮሚቴው መጥቶ ይቃጠላል ወይስ አይቃጠልም ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ሐሰት መናገር ስለማታውቅ ይቃጠላል አለች። እንግዲህ ይህ ሁሉ በአህያ ተጭኖ ወደሚቃጠለው ጉድጓድ ሄደ። ኧረ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ኩበት ባይቃጠል ኖሮ ማን እበት በእጁ ይጠፈጥፍ ነበር! የጎጆዬ ሣር ክዳንም እንዲሁ ይቃጠላል፤ ኮሚቴው ቀና ብሎ ሳያየው ስላለፈ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አመድ ደግሞ አይቃጠልም ተባለ፤ እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ያለቀ ነገር ምን ሊሆን። ስለዚህ ዕቃ የምናጥብበት አመድ ከጠርሙስ ስባሪና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ወደማይቃጠለው ጉድጓድ ወረደ። ኩራዝ ልንሠራበት ያስቀመጥነው የመድኃኒት ብልቃጥም፣ እህል የምንሰፍርበት ጣሳም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ደባቂ ሆኖልዎታል፤ ቀድሞ የጦር መሣሪያ ይደበቅ በነበረበት ጎታ ውስጥ ዛሬ የዘይት ጣሳ ተደብቋል። ማን ምን እንደደበቀ አልነግርዎትም እንጂ አንዳንዱ የራስዎ ዘመድ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ብራና። አባቴ ያስተማሯቸው መሪጌታ ወልደ ኪዳን ዳሩ ያለቀ፣ ቅጠሉ የተገነጠለ አሮጌ ዳዊት አላቸው። ቃለ እግዚአብሔር የተጻፈበት ነገር ስላረጀ እንደማይጣል፣ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ገብቶ በክብር እንደሚቀመጥ እርስዎም የዲያቆን ልጅ ነዎትና አይጠፋዎትም። ኮሚቴው ግን ዳዊቱን አገላብጦ አይቶ፣ አንዱ ብራና ቆዳ ነው ሲል፣ ሌላው ቆዳስ ይቃጠላል ወይስ ይሸታል ሲል፣ እርስ በርሱ ተከራክሮ ሳይስማማ ቀረና ውሳኔ ይዘን እንመለሳለን ብሎ ሄደ። መሪጌታም ውሳኔውን ሳይጠብቁ ዳዊታቸውን ታቅፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ገሰገሱ። እሳቸው ቤታቸው ነበሩ። የእኔ ጥፋት ቤቴ አለመገኘቴ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ሸሚዙ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ እስካሁን ትንሽ ቀልጄብዎታለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ያለ ቀልድ ያንብቡልኝ።

ኮሚቴው በመጣበት ዕለት ሞጣ ነበርሁ። እግሩን ከጦር ሜዳ ጥሎ የተመለሰ፣ ወልደ ሰንበት የሚባል የገላው ጓደኛ ሞጣ እናቱ ቤት ገብቷል የሚል ወሬ ሰምቼ፣ በእህል መኪና ላይ ተጭኜ በጉንደ ወይን በኩል ሄድሁ። ከልጄ ደብዳቤ ከተቋረጠ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ከእርስዎ ዘንድ ስጠይቅም «ከበላይ አካል የደረሰን የለም» ከማለት በቀር ሌላ አላገኘሁም። ወልደ ሰንበት እንደ እናቱ አቅፎ ሳመኝ። ሠራዊቱ ሲያፈገፍግ አንድ ወንዝ ድረስ ከገላው ጋር አብረው እንደነበሩ፣ ከወንዙ ወዲህ ግን እንዳላየው ነገረኝ። ሞቷል አላለኝም፤ በሕይወት አለም አላለኝም። እኔም ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ፈራሁ። ጭንቄን ይዤ ሄጄ ጭንቄን ይዤ ተመለስሁ።

ቤቴ ስገባ ሳጥኔ ተከፍቷል። ሸሚዙ የለም።

ስለ ሸሚዙ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ገላው ለውትድርና የሄደ ዕለት ጧት ደኅናውን ሸሚዝ ለብሶ፣ ያንን ሰማያዊ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈውን፣ በሩ አጠገብ ካለው ችካል ላይ ሰቅሎት ወጣ። በአገራችን መንገደኛ በወጣ ዕለት ቤት አይጠረግም፤ ሰውየውን አብሮ ጠርጎ ማስወጣት ይሆናል ይባላል። እኔ ቤቱን በማግሥቱ ጠረግሁ እንጂ ሸሚዙን ማጠብ አልቻልሁም፤ እንዳለ አጥፌ ከሳጥኔ ከተትሁት። አንገትጌው ላይ ላቡ ነበር። ሲከፋኝ ሳጥኔን ከፍቼ አሸተዋለሁ። ይኸው ነው ጓድ ሊቀ መንበር፤ አንዲት አሮጊት የልጇን ላብ ታሸታለች፤ ከአብዮቱ ጋር የሚጋጭ ምን አለበት?

ኮሚቴው ግን ያልታጠበ ልብስ ቅማል ያፈራል፣ ቅማልም ተስቦ ያመጣል፣ ጨርቅም ይቃጠላል ብሎ ፈረደ። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ አምሳለች ያስተማረችን ነው፤ አጥቢ ቢሉኝ አልቅሼም ቢሆን አጥብ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ፤ ባለቤቱ በሌለበት ደጃፍማ ምን ያልተቆረጠ አለ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ደርሳ የገላው ነው፣ ተዉት ብላ ጮኻባቸዋለች፤ ከኮሚቴው አንዱም፣ ስሙን እርስዎ ያውቁታል፣ «የሚለብሰው የታለ?» ብሎ መለሰላት።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህንን ጥያቄ ስንት ጊዜ በልቤ ይዤ ከደጅዎ እንደተመለስሁ ቢያውቁ! እኔ ደፍሬ ያልጠየቅሁትን የእርስዎ ሰው ስለጠየቀልኝ አመሰግናለሁ፤ መልሱን ግን ከእኔ ቤት መፈለጉ ስሕተት ነው። በቀበሌው አዳራሽ የገላውን ስም ከፍ ባለ ድምፅ አንብበው ከእጄ የተረከቡት እርስዎ ነዎት። የሚለብሰው የታለ?

ወጋችንን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። በሰው አገር የቀረ፣ ሬሳው ያልመጣ ሰው፣ ልብሱ ወጥቶ ከለቀስተኛው መካከል ይዘረጋል፤ እናት እሱን እያየች፣ እሱን እየዳሰሰች ታለቅሳለች። ልጄ ሞቷል አላልሁም፤ አፌን ይቁረጠው! ቢመጣ ይለብሰው ነበር ነው የምለው፤ ያ የማይባለው ቀን ቢመጣም አልቅሼ የምሸኝበት እሱ ብቻ ነበር። ያላችሁኝን ሁሉ ሰጥቻለሁ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ባላችሁ ጊዜ ልጄን ሰጠሁ፤ ሁሉም ነገር ወደ ጉድጓድ ስትሉ ግን ሳልጠየቅ ተወሰደብኝ።

አምስተኛ ብዬ የጀመርሁት ነበር፤ ትቼዋለሁ። ከአራተኛው በኋላ ሌላው ሁሉ ጥራጊ ሆነብኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ ጥቂት ነው። ኅዳር 12 ሳይደርስ ከጉድጓዱ ልግባ። ሰው አልጠይቅም፤ መሰላልም አልጠይቅም፤ ከይርጋነሽ ኩበት ሥር ቢሆንም በእጄ ቆፍሬ አወጣዋለሁ። ሲወጣም ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ በአምሳለች ፊት ተመርምሮ ቢሰጠኝ ቃል አልመልስም። ቡትቶ ነው ብለው እንዳይንቁት ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስዎ፤ እርስዎም ወደዚህ ዓለም ሲመጡ ገላዎ እንዳይቆረፍድ ብዬ የጠቀለልሁዎት ከአሮጌ ነጠላዬ በቀደድሁት ቁራጭ ነበር። በዚያን ጊዜ የጽዳት ኮሚቴ ባለመኖሩ ሁላችንም እድለኞች ነን።

በመጨረሻም ከተማችንን ለማጽዳት ስለሚደክሙት ድካም፣ ከቤቴ ውስጥ ምን እንደሚያስፈልገኝና ምን እንደማያስፈልገኝ ከእኔ በተሻለ ስላወቁልኝ፣ ሳጥኔንም ክፍት ትታችሁት በመሄዳችሁ እንደገና ለመክፈት ከመድከም ስላዳናችሁኝ፣ ለእርስዎና ለኮሚቴዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ጤናና ዕድሜ፣ ሹመትና ሞገስ እንዲበዛልዎ እመኛለሁ።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ቤቷ ከነልጇ የተጠረገላት፣ የቀበሌዎ ነዋሪ፣
ባንቺዓለም አካለ ወልድ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ በማግሥቱ ልለጥፍ ስመጣ ከጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ ጢስ አየሁ። ጽዳቱን የሚጎበኙ የበላይ ሰዎች ከደብረ ማርቆስ ቀድመው ስለሚመጡ ሚካኤል እስኪደርስ አልተጠበቀም አሉኝ። ስለዚህ ልመናዬን ሰርዣለሁ፤ ደብዳቤው ግን ይለጠፍ። እንግዲህ ልጄ በሕይወት ከመጣ ሸሚዝ ገዝቼ አለብሰዋለሁ። መርዶው ከመጣ ግን በቤቴ የሚዘረጋ ልብስ ስለሌለ፣ ድንኳን የሚተከለው ከእርስዎ ጓሮ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነው፤ የቢቸና ሰውም የሚያለቅሰው እዚያ ነው። እርስዎም ጎረቤት ነዎትና አይቀሩብኝ።