የማይፈተገው ሐውልት

ለአባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሞላ። ጉርድ ሾላ የነበረው የሐውልት መሥሪያህ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ መሮዎችህ ግን አያት ኮንዶሚኒየም፣ እኔ አልጋ ሥር ናቸው። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። የምጽፍልህ፣ አንተ ብታየው እንቅልፍ የሚነሳህን ነገር አይቼ ስለመጣሁ ነው።

መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና እንግሊዝ አገር ልኮኝ ነበር። አንድ እሑድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባሁ። ዛፍ ሥር አንድ የጥንት ሐውልት ቆሟል፤ አጠገቡ ያለው ሰሌዳ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው ይላል። የማን እንደሆነ ግን አይልም። አንተ ብትሆን ዞረህ ዞረህ፣ ድንጋዩን በጣትህ መታ መታ ታደርገው ነበር። እኔም አደረግሁ። ፊደሎቹን የድንጋይ ሽበት፣ ያ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ መሳይ ነገር፣ ሸፍኗቸዋል። ማን ይሆን? ማንስ ጠረበው? እንዳንተ መሮውን ከማንሳቱ በፊት ያማትብ ነበር? አላስቻለኝም። በሙት ዓመትህ እንደምናደርገው ውኃ አፍስሼ በመሐረቤ እሽት እሽት አደርገው ጀመር።

አንዲት ባልቴት ከቤተ ክርስቲያኑ በር እየተጣደፉ መጡ። ሐውልቱም፣ የበቀለበት ሽበትም አይነካም አሉኝ። ደግሞ ፊደሎቹን ያጠፋቸው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቦቹ በየጊዜው በብሩሽ ሲፈትጉት ኖረው ነው። ዛሬ ስሙን የሚያውቅ የለም አሉ።

ክው አልኩ። ያንተን ሐውልት አሰብኩ፤ የሞትክበትን ቀን ብቻ ለእኛ ትተህ፣ ሌላውን በገዛ እጅህ የቀረጽከውን። እማዬ በየበዓሉና በየሙት ዓመትህ በዱቄት ሳሙናና በሽቦ ብሩሽ ታንጸባርቀው የለ? እንደተመለስኩ ሄጄ አየሁት። የስምህ ፊደሎች ጠርዛቸው ዶልዱሟል። ደብዳቤ ጽፈህ አታውቅ፤ ያለን የእጅ ጽሑፍህ ይኸው ነው።

ለእማዬ ብነግራት፣ ባሏ ቆሽሾ እንዲተኛ የምትመክር ልጅ መውለዷን እያማረረች ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ያለፈው ቅዳሜ ሙት ዓመትህ ነበርና ብሩሿን በዘንቢል ይዛ መጣች። እጇን ይዤ ጣቷን ፊደሎችህ ውስጥ አስገባሁት። አንድ በአንድ ሄደችባቸው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ይህን ያደረገችው እሷ መሆኗን ጠየቀችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ብሩሹን ወደ ዘንቢሉ መልሳ ውኃ ብቻ በመዳፏ አፈሰሰችልህ።

አልረሳህም አባዬ። ልጆች ብወልድ እነሱንም አመጣቸዋለሁ፤ ፊደል የሚቆጥሩት ካንተ ድንጋይ ላይ ነው። ከእንግዲህ አረንጓዴ ነገር ቢወጣብህ ጠያቂ አጣሁ ብለህ እንዳታዝን። እጃችንን የሰበሰብነው ስለምንወድህ ነው።

ልጅህ