እማዬ ከሐውልቱ ሥር ጫማዋን አወለቀች

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሙሐሲን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ መካነ ሰላምም ብርዷን ታቅፋ ደህና ናት። በስልክ ያልነገርኩህ ነገሩ የአባታችን ስለሆነ ነው። ስሙን ሳነሳ ትዘጋብኛለህ፤ ደብዳቤ ግን አይዘጋም።

እማዬን ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ ወስጃት ነበር፤ ተሽሏታል። ልንመለስ ስንል ለአገር የወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ወደሆነው ትልቅ ሐውልት ውሰጂኝ አለችኝ። ከፍታውን ቀና ብለው ሲያዩት አንገት ያማል፤ የአገሪቱ ታሪክ፣ ንጉሡም ገበሬውም ዘማቹም፣ ተቀርጾበታል። እኔ አፌን ከፍቼ ስደነቅ፣ እሷ ጫማዋን አውልቃ፣ መቃብር ስንደርስ እንደምናደርገው ለሙታኑ ሰላምታ ሰጥታ ዱዓ ጀመረች።

የሐውልቱ ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። ቀረብ ብለው፣ እናቴ፣ እዚህ ሥር የተቀበረ ሰው የለም፣ መታሰቢያ ብቻ ነው አሏት። ታዲያ የት አደረጋችኋቸው ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔ በሆዷ ሳለሁ አባታችን ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ያዘመተው መንግሥት ሲፈርስ ስለ እሱ የሚነግራት ጠፋ። መርዶ የሚነግረኝ ስጠብቅ አረጀሁ፣ አሁን መርዶውን ራሴው ለራሴ ነግሬያለሁ አለች።

አንተ ሬሳው ሳይታይ አይለቀስም ትላለህ። ልጅ ሆነህ እስከ ከተማው ዳር ሸኝተኸዋልና አልፈርድብህም። እሷ ግን ባል ያላትም፣ ባል የሞተባትም ሳትሆን ኖረች። ይበቃታል። ቆርጠናል፤ የመቅበሪያ ዕድራችን፣ የቅሬያችን ዳኛም እሺ ብለዋል። በየካቲት የመጀመሪያው ጁምዓ ሬሳው ለሌለ ሟች የሚሰገደው ሶላት ይሰገድለታል፣ ሶደቃውም ይወጣል። ድንኳኑን የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንተክላለን ብለዋል። ብትቆጣ ቁጣህን እችላለሁ፤ ቀኑን ግን አልለውጠውም።

ባለቤቴ ሙሐመድአሚን በርታ ይልሃል። ልጃችን ፊርደውስ ጥርሷ ወልቆ፣ አጎቴ ሳያየኝ እንዳይበቅል ትላለች። ጎረቤታችን ንግሥቴ እንደ ልጇ ትስምሃለች። እማዬ ግንባርህን ትስምሃለች። ወደ ጅዳ የሚመለሰው አሕመድኑር ይህን ደብዳቤ ይዞ፣ እዚያ ያሉትን የአገር ልጆች አስከትሎ ቤትህ የመጣው እሷ አዝዛው ነው። ልጄ ብቻውን እንዳያለቅስ ብላለች።

እህትህ ፈርሂያ
መካነ ሰላም፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.