መሽበክ ያልያዘ አያብራ

ካርቱም፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2007

ውድ ከቢር፣

«ጋሽ ይማም፣ መሽበክህን፣ ያን የልብስ መቆንጠጫህን፣ ይዘህ ቤትህ ልብስ አስጣበት። የዛሬ ጀማሪ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ያበራል፣ ያበርራል።»

በጀማሪው በሙሄዲን እጅ የላክህልኝ ወረቀት ቃል በቃል ይህ ነው። እስከ ዛሬ «አንቱ» ስትለኝ ኖረህ አሁን «አንተ» ማለትህን ትቼዋለሁ። የማልተወው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ጁምዓ አንተ ባሕሪ ሰፈር ባለው የሞዴል አውሮፕላን ሱቅህ ውስጥ ስለነበርክ በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ሜዳችን ላይ የሆነውን አላየህም።

ሞዴል አውሮፕላኔ አየር ላይ ነበር፤ የምታውቀው፣ ባለ ነዳጁ። ድንገት አልታዘዝ አለኝ። ወደ ግራ ስለው ወደ ቀኝ ዞረ። ከዚያ አፍንጫውን ደፍቶ ብርቅነሽ ሻይ ወደምትሸጥበት ዛፍ ወረደ። ዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ሚስትህ ሐምዲያ ተቀምጣ ነበር። «ሽሹ!» ለማለት ጊዜ አልነበረም። ፕሮፔለሩ እየተሽከረከረ በጆሮዋ ሥር አልፎ የብርቅነሽን ማንቆርቆሪያ በሳው። ማንቆርቆሪያው ብረት ነው፣ ከቢር።

ሁሉም ሳቀ። ሐምዲያ ቶብ ልብሷን እያራገፈች፣ «ወላሂ ጭልፊት መስሎኝ! ኢንጂነር፣ ሻዬን ቀሙኝ እኮ!» አለችኝ።

ብርቅነሽም ቀበል አድርጋ፣ «አሞራዎን አስረው ያሳድሩት እንጂ!»

እኔ አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ዞር ስል ሙሄዲን የራሱን ሪሞት አብርቶ ቆሟል።

«መሽበክ ይዘሃል?» አልኩት።

«ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ የእኔ አዲሱ ዓይነት ነው፤ ሞገዱን ራሱ ይመርጣል፤ መሽበክ አይፈልግም።»

«ማን አለህ?»

«ከቢር ነዋ። ከካርቶን የወጣ ሁሉ አዲስ ነው ብሎኛል።»

አንቴናውን አየሁት፤ እየተሳበ የሚረዝመው ነው። ይህ አሮጌው ዓይነት ነው፤ የሞገዱ ቁጥርም የእኔው ቁጥር። አዲሱን ካርቶን አይተህ አሮጌ ሪሞት ሸጥክለት። እሱ ሲያበራ አውሮፕላኔን ከእጄ ነጠቀኝ።

በ1994 ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንዲት የልብስ መቆንጠጫ፣ አንዲት መሽበክ፣ ሰሌዳው ላይ ትንጠለጠል ነበር። እሷን አንቴናው ላይ ያልሰካ ሪሞት አያበራም። አንተ የመጀመሪያ ክንፍህን ከስስ እንጨት ስትልግ ወራት ፈጀህ። የማብረር ተራህ ሲደርስ ደግሞ ሪሞቱን መልሰህ እየሰጠኸኝ፣ «አንቱ ያዙልኝ፣ እኔ ልይ» ትለኝ ነበር። ያኔ ጀማሪ ይፈራ ነበር፤ ሰሌዳውንም ሳይነገረው ይፈልገው ነበር።

በፎም የተሠሩትን አውሮፕላኖች አልጠላም። ቢሰበሩ ይለጠፋሉ፤ እኔ በአሥር ዓመት ያላመጣሁትን ሰው በአንድ ዓመት ወደ ሜዳው አምጥተዋል። ነገር ግን ሰሌዳው ከወረደ ወዲህ ጀማሪው ከካርቶኑ ክንፍ ያወጣል፣ ባትሪ ያወጣል፣ ፍርሃት አያወጣም። እነሱ ያልፈሩትን እኔ ብቻዬን ስፈራ እከርማለሁ። ከጁምዓ ወዲህ ረክሻ ሞተሩን እያጓራ ከኋላዬ ሲመጣ ጎንበስ እላለሁ። የትናንቱን ምሳ አልጨረስኩም። ዓይኔን ስጨፍን ማንቆርቆሪያው የለም፤ አውሮፕላኑ እሱ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። የት እንደሚቆም ልጽፈው አልችልም።

በሚቀጥለው ጁምዓ አምስት አዳዲስ ጀማሪዎች ይዘህ እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። ስንቶቹ አንቴናቸው የሚሳብ እንደሆነ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ሐምዲያም እንደ ልማዷ ዛፉ ሥር ትቀመጣለች።

ስለዚህ እስከ ሐሙስ፣ ዲሴምበር 6 ቀን፣ መግሪብ ድረስ መልስህን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፤ ሰሌዳው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? በቃል አልቀበልም፤ በቃል ሲሆን ትስቃለህ። ይህን ደብዳቤ ለሐምዲያ ጮክ ብለህ አንብብላት። መልሱ ላይ ከአንተ ፊርማ በላይ የእሷ ፊርማ ይኑርበት።

ይማም