የጋሽ ምላጩ ሁለተኛ ወንበር

ሰፈሩ «ጋሽ ምላጩ» እያለ የሚጠራቸው ውድ አባታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አጎታቸው ፀጉር ቤት ገብተው ሙያውን ለመዱ። በሃያ አራት ዓመታቸው ከእናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ፤ በተጋቡበት ዓመትም በአንድ ወንበርና በአንድ መስታወት የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከፈቱ።

ሁለተኛው ወንበር የመጣው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። በወጣትነቱ በጠብ ሰው ወግቶ የታሰረ የሰፈራችን ልጅ፣ እስር ቤት ፀጉር ማስተካከል ተምሮ፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። አባታችን ሳያቅማሙ ቀጠሩት። ሰፈሩ ግን እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «ወጊው» አለው።

ደንበኛው ሁሉ አንገቱን ሰሰተ። ለአባታችን ወንበር ወረፋ ሲጠበቅ፣ ያኛው ባዶውን ይውላል። አባታችን «እናንተ ሰዎች፣ ዳኛው የፈታውን እንደገና ልታስሩት ነው?» እያሉ ይቆጡ ነበር። በየማለዳው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ መንገደኛው እያየ ጉሮሯቸውን ለልጁ ምላጭ ይሰጣሉ። «ኧረ ጺም የለዎትም» ስንላቸው «ለጺሜ መሰላችሁ?» ይሉን ነበር። አንድ ሰሞን ብግን ብለው ሁለተኛው ወንበር በነፃ ነው አሉ። ሰው መጣ፤ ፀጉሩን በነፃ ተቆረጠ፤ ምላጭ ሲወጣ ፊቱ በአረፋ እንደተለቀለቀ ተነስቶ ወደ አባታችን ወንበር ተዛወረ።

ከሁለት ዓመት በፊት በያዛቸው ሕመም እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔም ደንበኛው የሚንቀጠቀጠውን እጅ መረጠ። ጉንጩ እየደማ «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ይወጣል። ይህን እያዩ መኖር አንጀታቸውን አቃጠለው፤ እኛንም እስከ ዛሬ ያቃጥለናል። በመጨረሻ ምላጩን አስቀመጡ፤ ደንበኛውም ሌላ ፀጉር ቤት ሄደ።

አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ያ ልጅ በየማለዳው እየመጣ ይላጫቸው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋትም ላጫቸው፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ከልጆቻቸው እኩል እንዲጠራ ያዘዙንን የሥራ ባልደረባቸውን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። ግቢውን ሞልታችሁ ለምታለቅሱላቸው ሁሉ ደግሞ፣ ፀጉር ቤቱ ሰኞ ጠዋት ይከፈታል። ሁለቱም ወንበሮች ባዶ ናቸው።