ቱቦው ዙሪያ የነሰነስኩት እምነት

ኅዳር 10 ቀን 1976፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ጠርሙሱን ደፋሁ፣ አጠብኩ፣ መለስኩ። ሐሞቱ ዛሬ ጠቆር ብሏል። የባሌ የጌታቸው የሐሞት ጠጠር ከወጣ ሦስት ሳምንት፤ ሐሞቱን የሚያወጣው ቱቦ ግን አሁንም ከጎኑ አልተነቀለም። የዓይኑ ቢጫነት ለቋል፣ ተመስገን። ቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ቀላ ብሏል። ምንም አይደል ይለኛል። የሚጨንቀው ሃይማኖት ከሚነቀፍበት ከመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ መቅረቱ ነው። ጉድ እኮ ነው፣ ደብተሬ! ባል ብዬ አግብቼ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
አማቴ ከቤተ ክርስቲያን እምነት ይዘው መጡ። በወረቀት የተቋጠረች የተባረከች አመድ። ቁስሉ ላይ አድርጊለት አሉኝ። ልጃቸው ሰምቶ ተቆጣ፤ ሐኪም እያለ አመድ ብሎ። እያለቀሱ ሄዱ። ከሰዓት እንቅልፍ ሲወስደው ፋሻውን ፈታሁ፣ በስመ አብ ብዬ ነሰነስኩ፣ መልሼ አሰርኩ። ለአማቴም አልነገርኩም። ላንተ ብቻ፣ ደብተሬ።

ኅዳር 14፣ ቀትር
ትኩሳት። ጎኑ እስከ ብሽሽቱ አብጧል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ታክሲ ለምኜ ሆስፒታል ገባን። ፋሻው ሲፈታ ሽታው! ዶክተሩ ቁስሉ ላይ ያደረጋችሁት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጌታቸው ያየኛል። የለም አልኩ። ምላሴ እንዴት ታዘዘልኝ?

ኅዳር 15፣ ጠዋት 3 ሰዓት
መርፌው አልያዘለትም። እብጠቱ ትናንት በእስክሪብቶ ያሰመሩበትን አልፎ ሄዷል። ከቆዳው ሥር ሥጋው እየሞተ ነው አሉ። ዛሬውኑ ቆርጠው ካላወጡት አይተርፍም። ዶክተሩ መነሻውን ባውቅ መድኃኒቱን እለውጥ ነበር ሲል ሰማሁ። አመዷ ትሁን ቱቦው፣ እኔ አላውቅም። ዋሽቻለሁ ግን። ገደልኩት። ሚካኤል፣ ምን አድርጌህ ነው? በአንተ ቀን፣ በአንተው አመድ!

5 ሰዓት
ጌታቸው ዓይኑን ገለጠ። ጎንበስ በይ አለኝ።

"ስትነሰንሺው ነቅቼ ነበር።"

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት።

"እኔም ፈርቼ ነበራ። ማን ያውቃል ብዬ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ሂጂ ንገሪያቸው። ሁለታችንም ነን በይ።"

አልልም። በክበቡ ወሬ እንዲሆን አልፈልግም። እኔ ብቻ ነኝ እላለሁ። ዶክተሩ ጓንቱን እያጠለቀ ኮሪደሩ ላይ ታየኝ፣ አልጋውን ሊገፉት መጡ፣ ደብተሬ፣ ሄድኩ፣ አሁን እነግረ