ስለ አረንጓዴው ነጥብና ሐሙስ ስለሚቃጠለው ከረጢት

ለተከበሩ አቶ ዘመንፈስቅዱስ ዘውገ
የንግድ ምልክት ጥበቃ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በዱባይ ተራ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከታሸገው ከሞባይል ጠጋኟ ከጠሂራ እንድሪስ ሱቅ የተወሰደው አንድ ከረጢት ቺፕ «ሐሰተኛ» በመሆኑ በመጪው ሐሙስ እንዲቃጠልና የንግድ ፈቃዷም እንዲሰረዝ ሐሳብ መቅረቡን የሚገልጽ ማስታወቂያ ዛሬ ጠዋት በሱቁ በር ላይ ተለጥፏል።

ይህን ካልኩ በኋላ ጤናዎን ልጠይቅ። እርስዎም ቤተሰብዎም መሥሪያ ቤትዎም እንደምን ከርማችኋል? በተለይ የዕቃ ግምጃ ቤትዎን በር ፈጣሪ አጥብቆ ይዝጋልን፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ለአንባቢ ያህል፣ የዱባይ ተራ ጠጋኞች ከእንግዲህ የማይነሳ ስልክ ሲገጥማቸው ቦርዱን አይጥሉም። በላዩ ያለውን ደህና ቺፕ በሙቅ አየር ነቅለው ለሌላ ስልክ ያስቀምጡታል። ደንበኛ አዲሱን ከአሮጌው እንዳያምታታም እያንዳንዱ ጠጋኝ በነቀለው ቺፕ ላይ በየራሱ ቀለም የኩቴክስ ነጥብ ያኖራል። ጎረቤቷ አብራር ቀይ ይጠቀማል። አረንጓዴው የጠሂራ ብቻ ነው፤ የመዋቢያ ዕቃ ነጋዴዋ ሩዋይዳ በዚያ ቀለም ጥፍሯን የምትቀባ ሴት ብታጣ ለእሷ ሰጠቻት። የነጥቡ ትርጉም «ያገለገለ ነው፤ አውቀህ አስገጥም» ማለት ሲሆን፣ ጠሂራም ነጥቡን ሳታሳይ ገጥማ አታውቅም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ተቆጣጣሪዎችዎ ዓይን አመሰግናለሁ። አረንጓዴውን ነጥብ ገና እንዳዩ «የፋብሪካው ምልክት ተነካክቷል» ብለው ወሰኑ። የጠሂራ ሱቅ ባለበት በዚያው ሕንፃ ውስጥ ገጹ ተፍቆ በሌዘር የታወቀ ፋብሪካ ስም የተጻፈበት ቺፕ «አዲስ» እየተባለ በመስታወት ሣጥን ይሸጣል፤ እርሱ ግን ነጥብ ስለሌለበት ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። ያገለገለውን አገልግሏል ያለች ተያዘች፤ ስሙን የለወጠው አለፈ። በሩ ሲታሸግ ጠሂራ፣ «ወላሂ፣ ለሶላት ስታጠብ ውዱኤን እንዳይከለክለኝ ብዬ ጥፍሬን እንኳ ቀብቼ አላውቅም፤ ቺፕ ቀባሽ ተብዬ ልታሰር ነው?» ብላ ነበር። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ከዚያ ሱቅ ሌላ የእንጀራ በር የላትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። ክሱን ያቀረበው የፋብሪካው «ብቸኛ ወኪል» ነኝ የሚል አስመጪ ነው። ወኪልነቱን ማን እንደሰጠው ብንጠይቅ ምስጢር መሆኑ ተነገረን። ቺፑን የመረመረውን ባለሙያ ያመጣውም እርሱ ራሱ መሆኑን ስንሰማ የመንግሥት ወጪ መዳኑን አደነቅን። አንድ ነገር ብቻ አልገባንም። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው የመኪና ፋብሪካውን ስም ሰረቀ ሲባል ሰምተን አናውቅም። ፋብሪካው አንዴ ሸጦ ገንዘቡን የተቀበለበት ቺፕ ከስልክ ወደ ስልክ ሲሸጋገር የማን መብት ተነካ? የሚነካው «አዲስ» እያለ የሚሸጠው ሰው ገበያ ከሆነ ግን፣ እርሱን የንግድ ምልክት ጥበቃ ብለን ለመጥራት ትንሽ ጊዜ ይስጡን።

ሦስተኛውን ባልጽፈው በወደድኩ። ባለፈው ዓርብ አብራር ከዚሁ ወኪል ሱቅ አንድ እሽግ «አዲስ» ቺፕ ገዛ። የቺፑ ገጽ ተፍቋል፤ ስሙ በሌዘር ተጽፏል። በጎኑ በኩል ግን፣ መፋቂያው ባልደረሰበት፣ በማጉያ መነጽር የሚታይ ቀለም ነበር። ጥጥ በኩቴክስ ማስለቀቂያ አሴቶን ነክሮ ቢያሸው ጥጡ አረንጓዴ ሆነ። አብራር ጠርቶኝ፣ «እትዬ ሙሉመቤት፣ ይቺን እኮ አውቃታለሁ፤ የጠሂራ ናት» አለኝ። ጥጡ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ጠሂራ ደግሞ ቺፕ ለነጋዴ ሸጣ አታውቅም፤ ከእጇ የሚወጣው በደንበኛ ስልክ ውስጥ ተገጥሞ ነው። ያልተገጠመው ሁሉ እርስዎ ባሸጉት ከረጢት ውስጥ ነበር።

ማንንም አልከስስም። ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነውና ቺፕ ከታሸገ ከረጢት ወጥቶ፣ የግምጃ ቤት ዘበኛ አልፎ፣ በራሱ እግር ሄዶ የከሳሹ መስታወት ሣጥን ውስጥ ሊተኛ ይችል ይሆናል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሐሙስ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ከረጢቱ በጠሂራና በጎረቤቶቿ ፊት ይከፈት። እንደተወሰደ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ በዚሁ ጋዜጣ፣ በዚሁ ገጽ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ከተቃጠለ በኋላ ግን የጎደለውን ከአመድ ውስጥ የሚያውቅ ባለሙያ፣ ወኪሉም ቢሆን፣ የሚያመጣልን አይመስለኝም።

ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዓይኔን ግን ከከረጢቱ ላይ ሳላነሳ፣

ሙሉመቤት ኪዳነ ማርያም
ከሶማሌ ተራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሾፌርዎ ማሙሸት ባለፈው ሚያዝያ ቻርጅ አልቀበል ያለውን ስልክዎን ወደ ጠሂራ አምጥቶ ነበር። ነጥቡን አሳየችው፤ እርሱም በቢሮዎ ስልክ ደውሎ ጠይቆዎት «ይሁን ብለዋል» ብሎ አስገጠመ። ስልኩ እስከ ዛሬ ደህና መሥራቱን በስልክ ከሚሰጧቸው መግለጫዎች ብዛት ተረድተናል። በራስዎ ውሳኔ መሠረት ግን በውስጡ ሐሰተኛ ዕቃ አለ። ከከረጢቱ ጋር አብሮ ይቃጠል ወይስ ይቅር የሚለውን ውሳኔዎን ሐሙስ ጠዋት በአክብሮት እንጠብቃለን።