የክርስትና አባቴ ቤንዚን

ሰኞ፣ መስከረም

ቤንዚኑ አልመጣም። ጎርፍ ሐዲዱን ቆርጦት ባቡሩ ድሬዳዋ ቆሟል አሉ። እኔ መካኒክ ሆኜ የምጠግነው አይሮፕላን ደግሞ ዓርብ የመንግሥት ደብዳቤ ይዞ ደሴ ይሄዳል ተብሎ ለትልልቆቹ ሰዎች ቃል ተገብቷል። አለቃዬ ምን ያድርግ፣ አራዳ ሄዶ ገዛ። ከማን? ክርስትና ካነሡኝ ከአባባ ወልዴ! ጊዮርጊስ ጀርባ ባለው ሱቃቸው ቤንዚን በቆርቆሮ፣ አረቄ በጠርሙስ ይሸጣሉ። የሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጥ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አብራሪው ግርማ ነው፣ የእህቴ የጸዳለ ባል። ብቻውን ሩቅ ሲበር የመጀመሪያው ነው። ጸዳለ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ማክሰኞ

አንዱን ቆርቆሮ ከፍቼ አሸተትሁ። አረቄ አረቄ ይላል። ብርሌ ተዋስሁ። ከሥር ትንሽ ውሃ አደረግሁ፣ በውሃው ልክ ክር አሰርሁ፣ ከላይ ቤንዚኑን ጨምሬ በመዳፌ ደፍኜ ናጥሁት። ውሃና ቤንዚን አይስማሙም፤ ሲረጋ ውሃው ክሩ ላይ መመለስ ነበረበት። የት አባቱ! ክሩን አልፎ ወጥቷል። ቤንዚኑ ውስጥ የነበረው አልኮል ውሃው ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ሱቅ ሄድሁ። አባባ ወልዴ አልካዱም! «ቀላቅየዋለሁ፤ ፈረንጅስ በአገሩ ይቀላቅል የለም? የአራዳ ሾፌር ሁሉ በዚሁ ነው የሚነዳ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሾፌሮቹ ያመሰግኗቸዋል። መኪና ግን ቢቆም ወርደህ ትገፋዋለህ። ሰማይ ላይ ማን ይገፋል? ይህን ብላቸው «ክርስትና ያነሣሁህ እንድትመረምረኝ ነው?» ብለው በሩን አሳዩኝ።

ረቡዕ

ለአለቃዬ ነገርሁ። «እስቲ ሞተሩን አስነሣው» አለኝ። ተነሣ፣ ያውም እንዴት አድርጎ! አለቃዬ ሳቀብኝ። ግርማም አብሮ ሳቀ፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ሞተሩ ሰማይ ላይ ቢቆም ሟቹ እሱ!

ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለውን ካርቡራተር ፈታሁት። የቤንዚኑን መጠን የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ቡሽ ነው፣ ውጪው ቅብ ነው። ቅቡ ጣቴ ላይ ተለጥፎ መጣ፤ አልኮሉ እየላጠው ነው። ቡሹ ከራሰ ይሰጥማል፣ ሞተሩም ቤንዚን በዝቶበት ታንቆ ይቆማል። በዚያ ላይ አልኮል ከዚህ ዝናብ እርጥበት ይጠጣል፣ ላይ ብርድ ሲመታው ደግሞ ውሃው ይለያል። ሞተር በውሃ አይሄድም።

ለጸዳለ ነገርኋት። «ቀንተህበት ነው» አለችኝ። የእናቴ ልጅ! ዋጥ አደረግሁት።

ሐሙስ

ደፋሁት። ታንኩንም ቆርቆሮዎቹንም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሣሩ ላይ። አለቃዬ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ጮኸ፤ በዘበኛ አስወጣኝ። ራስ መኮንን ድልድይ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ አራዳ አይደል! አንዱ ሾፌር «ከምትደፋው እኛን ብታቀምሰን ምናለበት፣ ግማሹ እንደሆን አረቄ ነው» አለኝ። ሳላስበው ሳቅሁ።

ዓርብ

በረራ የለም። ሥራም የለኝም። ካርቡራተሩን እንኳ አስተካክዬ መውጣቴ ደግ ነው።

እሑድ

የማኅበራችን ተራ የአባባ ወልዴ ቤት ነበር። ሄድሁ፤ ብቀር ኖሮ ፈራ ይሉኝ ነበር። ጠላው ሲዞር እኔን ዘለሉኝ። ሁሉም አየ። «ይኸው ግርማ ቁጭ ብሏል። ምን ሆነ?» አሉ አባባ ወልዴ ለማኅበርተኛው። ግርማ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ወድቆ ቢሆን ይሄኔ ነቢይ ነበርሁ። ስላልወደቀ ምቀኛ ሆንሁ።

ሐሙስ

ባቡሩ ገብቷል። ታንኩን በጅቡቲ ቤንዚን ሌላ ሰው ሞላው፣ እሱንም ከሾፌሮች ነው የሰማሁት። ረፋዱ ላይ ድልድዩ ጋ ሳለሁ ድምፁ መጣ፤ መንገደኛው ሁሉ ቀና አለ። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ሞተሩን አዳመጥሁ። አልተንተባተበም። ወደ ሰሜን እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ጊዜም አልቆረጠም። ዐይኔን የገለጥሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጸዳለ ከማዶ ቆማ እልል ትላለች። አየችኝ፣ ፊቷንም አዞረች። ታዙር። ብቻ ባሏ በሰላም ይመለስላት።